ቅባት፣ ቅርፊትና ሽታ፦ ወጥ ቤት ታጥቦም የማይጠራው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ወጥ ቤቴን በየቀኑ እወለውላለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሁሉንም በበረኪና እፈትጋለሁ። ይሁንና ፍሪጄን ስከፍት ይሸታል፣ ከምድጃው አጠገብ ያለው ግድግዳ ሲነካ ያጣብቃል፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያዬም ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ደባልቄ ሞከርኩ፤ አረፋ ከማውጣት በቀር ለውጥ አላየሁም። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ ከጥያቄዎ እንደምረዳው ድካምዎ ብዙ ነው፤ ማጽጃው ግን ከእድፉ ጋር አልተገናኘም። የዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለው ቅባት ነው፤ ቅባት የሚፈታው በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና እንደ ቤኪንግ ሶዳ ባለ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። ማፍያው ውስጥ ያለው ከውሃው የቀረ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባል ማዕድን ነው፤ እሱን የሚያሟሟው እንደ አቼቶና ሎሚ ያለ አሲድ ነው። የፍሪጁ ሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሚወለውሉት መደርደሪያ ሳይሆን ጨርቅ ከማይደርስበት ቦታ ነው። በረኪና ከሦስቱ ለአንዱም ዋና መድኃኒት አይደለም።

ሶዳና አቼቶን መደባለቁን ይተዉት። አንዱ አልካላይን ሌላው አሲድ ስለሆነ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ያዩት አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አረፋው ሲበርድ የሚቀርዎት ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ያለበት ውሃ ነው። ይህ ውሃ ቅባት አይፈታም፣ ቅርፊትም አያሟሟም። ለየብቻ ግን ሁለቱም ርካሽና ጠቃሚ ናቸው።

በረኪናን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከቅርፊት ማስለቀቂያ አሲድ ጋር ከደባለቁ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ክሎራሚን የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። አንዱን ማጽጃ ተጠቅመው ሳያለቀልቁ በላዩ ሌላውን ማፍሰስም ያው መደባለቅ ነው። ድንገት ከተደባለቀና ዓይንና ጉሮሮ ማቃጠል ከጀመረ ልጠርገው ብለው አይቆዩ፤ በርና መስኮት ከፍተው ይውጡ። ከዚህ ሌላ በረኪና አይዝጌ ብረትን በነቁጥ በነቁጥ ይበላል፣ የፍሪጅ በር ላስቲክንም ያደርቃል። ቅባትን አያነሣም፤ ቅባት ባለበት ላይ ሲፈስም ኃይሉን እድፉ ላይ ጨርሶ ለጀርሙ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ቦታው ሁልጊዜ በሳሙና ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ በረኪና የሚያስፈልገው ከሆነ ከዚያ በኋላ ይቀባል። ጥሬ ሥጋ ለተከተፈበት ጣውላ 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው በረኪና 1 የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በቂ ነው። ጥቂት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ በነፋስ ይድረቅ። የበረኪና ጥንካሬ እንደ ምርቱ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የበጠበጡትንም ለነገ አያስቀምጡት፤ ኃይሉ ይደክማል።

አሁን ወደሚያጣብቀው ግድግዳ እንምጣ። ዘይት ሲግል በእንፋሎቱ ጥቃቅን ጠብታዎች ይነሡና ግድግዳ፣ ቁም ሣጥንና የፍሪጅ አናት ላይ ያርፋሉ። ዕለቱን ቢጠረጉ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ሳሙና ይበቃቸዋል። ሲቆዩ ግን ከአየርና ከሙቀት ጋር እየተዋሃዱ ይወፍራሉ፤ በመጨረሻ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃሉ። በዚህ ደረጃ የደረሰ ቅባት በጉልበት አይለቅም። የሚፈታው እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ ሲያገኝ ነው።

1 ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና 1 የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ። ውሃው ጓንት ያደረገ እጅ የሚችለው ያህል ይሙቅ። ጨርቅ ነክረው ሳይጨምቁት ግድግዳው ላይ ለጥፈው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይተዉት። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ደረጃ ነው፤ ቀብቶ ወዲያው ይፈትጋል፣ ሳይለቅለት ሲቀር ጠንካራ ኬሚካል ይፈልጋል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይጥረጉ፤ ከላይ ከጀመሩ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ደረቁ ግድግዳ ላይ መስመር እየሠራ ይደርቃል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ከላይ ወደ ታች አለቅልቀው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ራሱ አጣባቂ ስለሆነ አቧራ ይሰበስባል። የሴራሚክ ግድግዳ ይህን ሁሉ ይችላል። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ግን ሊለቅ ስለሚችል መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ይሞክሩት፤ ሶዳውንም ወደ 1 የሻይ ማንኪያ ይቀንሱ። ለሶኬትና ለማብሪያ ማጥፊያ ፈሳሽ በቀጥታ አይረጭም፤ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል።

ከምድጃው በላይ የጭስ መሳቢያ ካለዎት የግድግዳው ማጣበቅ ግማሽ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። የብረት መረቡ በቅባት ሲደፈን ጭሱን መሳብ ያቅተውና ሁሉም ወደ ቤት ይበተናል። መረቡን ነቅለው በ4 ሊትር በጣም ሙቅ ውሃ፣ ሩብ ኩባያ ሶዳና ትንሽ የዕቃ ሳሙና ውስጥ 20 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ብዙ ለሚጠበስበት ቤት ይህ በወር አንድ ጊዜ ነው። መረቡ አሉሚኒየም ከሆነ ሶዳውን ይተዉት፤ ሶዳ በተለይ ሲሞቅ አሉሚኒየምን ያጠቁራል። ከመረቡ ጀርባ ጥቁር የከሰል ማጣሪያ ካለ ብዙውን ጊዜ የሚታጠብ አይደለም፣ ይለወጣል።

የጋዝ ምድጃ ንጽሕና በእሳቱ ቀለም ይታወቃል። ደህናው ነበልባል ሰማያዊና ያልተቆራረጠ ነው። ቢጫ ከሆነ፣ ድስትዎንም ጥቀርሻ ካስያዘ፣ ጋዙ በቂ አየር እያገኘ አይደለም፤ የእሳት ቀዳዳዎቹ በገነፈለ ምግብ ተደፍነዋል ወይም ክዳኑ በትክክል አልተቀመጠም። ጋዙን ከሲሊንደሩ ይዝጉ፣ ሁሉም እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ክዳኖቹንና ቀዳዳዎቹ ያሉባቸውን የእሳት ራሶች አንሥተው በሙቅ ሳሙና ውሃ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይንከሩ። ዳር ዳሩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በመርፌ ወይም በቀጭን ሽቦ ይክፈቱ። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አይጠቀሙ፤ ውስጥ ይሰበርና የባሰ ይደፍነዋል። ከራሱ ሥር መሐል ላይ የምትታየው ትንሿ የናስ አፍ ግን ለብቻዋ ናት። ቀዳዳዋ በልክ የተበሳ ስለሆነ በመርፌ ብትሰፋ ጋዙ ከሚገባው በላይ ይወጣል። እሷ ላይ ያለውን ብናኝ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ያንሡ። ዕቃዎቹን ከመመለስዎ በፊት በደንብ ያድርቁ። «ካጠብኩት በኋላ አልቀጣጠል አለ» የሚለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ውሃ ወይም ዘንበል ብሎ የተቀመጠ ክዳን ነው።

የምድጃውን ገጽ በተመለከተ አጭሩ ምክር የሽቦ መፈተጊያን ከአይዝጌ ብረት ማራቅ ነው። ገጹን ይጭረዋል፤ ጥቃቅን የብረት ስባሪዎችም ተጣብቀው ይቀሩና እነሱ ሲዝጉ ምድጃው የዛገ ይመስላል። ብረቱ ላይ የሚታየውን ቀጭን መስመር ተከትለው በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ።

ኦቨን ውስጥ የተቃጠለ ነገር ካለ ግማሽ ኩባያ ሶዳ በ3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ውሃ ለውሰው በቀዝቃዛው ኦቨን ግድግዳና ወለል ላይ ይቀቡና ያሳድሩት። ማሞቂያ ብረቱንና የበሩን ዙሪያ ማሸጊያ አይንኩ። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል፤ ያልለቀቀው በፕላስቲክ መፋቂያ ይሞከራል፣ ወይም ልውሱ እንደገና ይቀባል። ሱቅ የሚሸጡት ጠንካራ የኦቨን ማጽጃዎች ብዙዎቹ ኮስቲክ ሶዳ (ከቤኪንግ ሶዳ የተለየ ጠንካራ አልካላይን) አላቸው፤ ፈጣን ናቸው፣ ነገር ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላሉ። ያለ ጓንትና ያለ ክፍት መስኮት አይነኩም።

ፍሪጁ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው ብዙ ለፍቶ ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መደርደሪያው ንጹሕ ሆኖ ሽታው ካልጠፋ አራት ቦታ ይፈትሹ።

መጀመሪያ የውሃ መውረጃ ቀዳዳውን ይዩ። በብዙ ፍሪጆች ከጀርባው የውስጥ ግድግዳ ግርጌ፣ ከአትክልት መሳቢያው በላይ ወይም ኋላ፣ ጠባብ ቦይና ትንሽ ቀዳዳ አለ። ግድግዳው ላይ የሚቀልጠው ውርጭ በዚያ ወደ ውጭ ይወርዳል። የቅጠል ቁራጭ ወይም ፍርፋሪ ሲደፍነው ውሃው ይቆማል፣ ይበሰብሳል፣ መሳቢያው ሥርም ይተኛል። መሳቢያውን ሲያወጡ ኩሬ ካገኙ ጥፋተኛው ይህ ነው። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበጥብጡና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀስ እያሉ ቀዳዳው ውስጥ ይግፉ። ግትር ከሆነ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡ እንጂ ሽቦ አይጠቀሙ፤ ሽቦ ቱቦውን ይበሳል።

ሁለተኛው የዚያ ውሃ መድረሻ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ትንሽ የፕላስቲክ ትሪ አለ። ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ በኮምፕሬሰሩ ሙቀት ይተናል፤ ከምግብ የመጣው ዝቃጭ ግን ይቀራል። ውስጡን የቱንም ያህል ቢያጥቡ ትሪው ካልታጠበ ቤቱ ይሸታል። ተነቃይ ከሆነ አውጥተው በሳሙና ይጠቡት፤ ካልሆነ ጨርቅ እያስገቡ ይምጠጡት። ቦታው ሙቅና እርጥብ ስለሆነ በረሮም ይወደዋል። ፍሪጁን ከግድግዳ ሲያርቁት ጀርባው ወይም ሥሩ ላይ ያለውን ጥቁር የሽቦ መረብም በደረቅ ብሩሽ ከአቧራ ያጽዱ። ይህ መረብ ከውስጥ የወጣውን ሙቀት የሚጥልበት ነው፤ አቧራ ሲለብስ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ውስጡም በቂ አይቀዘቅዝም። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል።

ሦስተኛው የበሩ ላስቲክ ነው። እጥፋቱን በጣትዎ ገለጥ አድርገው ይዩት፤ ጥቁር ነቁጥ ካለ ሻጋታ ነው። ሙቅ የሳሙና ውሃ የነካ የጥርስ ብሩሽ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል። አጥበው ሲጨርሱ ማድረቅዎን አይርሱ። ከዚያ ወረቀት በበሩ መሐል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ላስቲኩ አይገጥምም ማለት ነው። እርጥብ አየር ይገባል፣ ውርጭ ይበዛል፣ ምግብም ቶሎ ይበላሻል።

አራተኛው ሙቀቱ ነው፤ ይህ ከሽታም ያለፈ ጉዳይ ነው። ፍሪጅ ውስጡ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፣ ማቀዝቀዣው ክፍል (ፍሪዘሩ) ደግሞ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መሆን አለበት። በብዙ ፍሪጆች መቆጣጠሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም፣ የጥንካሬ ደረጃ ናቸው። ትክክለኛውን ለማወቅ ቴርሞሜትር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርገው መሐለኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩ። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ጥሬ ሥጋ ሁልጊዜ ታች፣ ጠርዝ ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚንጠባጠበው ደም ሳይበስል የሚበላ ነገር ላይ እንዳያርፍ ነው። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ በፍሪጅ ቅዝቃዜም ይራባል፤ ስለዚህ የፈሰሰውን «ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ማሳደር ስሕተት ነው።

ለውስጡ የሚበቃው 2 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ነው። ጠረን ያለው ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ፕላስቲኩ ጠረኑን ይይዝና ለምግቡ ያስተላልፋል። የመስታወት መደርደሪያ ከፍሪጅ እንደወጣ ሙቅ ውሃ ከነካው ሊሰነጠቅ ስለሚችል መጀመሪያ ቅዝቃዜው ይውጣለት። ሽታ እንዲይዝልዎ ሶዳ ማስቀመጥ ከፈለጉ ሳህን ላይ ዘርግተው ያስቀምጡት፤ የሚሠራው አየር የሚነካው ገጽ ብቻ ነው። ያም ቢሆን የሽታው ምንጭ ከተወገደ በኋላ እንጂ በምንጩ ፈንታ አይደለም።

ማቀዝቀዣው በረዶ የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ሲደርስ ያቅልጡት። ከሶኬት ነቅለው በሩን ከፍተው፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ድስት በፎጣ ላይ አስቀምጠው ይጠብቁ። በቢላ መፈልፈል ፈጽሞ ክልክል ነው። ከበረዶው ሥር ያለው ቱቦ ስስ ነው፤ ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፣ ጥገናውም ብዙ ጊዜ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ያለው አይሶቡቴን የሚባል የማቀዝቀዣ ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

የውሃ ማፍያው ቀላል ነው። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል አድርገው ቅርፊቱን እስኪሸፍን ይሙሉ፣ ሊፈላ ሲል ያጥፉት፣ 30 ደቂቃ ይተዉት። የአቼቶው ሽታ ካስቸገረዎ 1 የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ውሃ ያው ሥራ ይሠራል፣ ሽታም የለውም። ከዚያ ይድፉት፣ ያለቅልቁ፣ ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልተው ይድፉ። በቢላ ወይም በሽቦ አይፋቁት። ቅርፊቱ ለጤና አያሰጋም፤ ነገር ግን ማሞቂያውን ስለሚሸፍነው ውሃው ለመፍላት ይዘገያል፣ ማሞቂያውም ቶሎ ይቃጠላል። ሌሊት ውሃ በውስጡ ካላሳደሩ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ማይክሮዌቭን ሳይፈትጉ ማጽዳት ይቻላል። አንድ ኩባያ ውሃ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ቁራጭ ጨምረው፣ የእንጨት ማንኪያ ውስጡ አስገብተው፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያሙቁ። ማንኪያው የሚገባው በምክንያት ነው፤ ለስላሳ ኩባያ ውስጥ ያለ ውሃ ሳይፈላ ከመፍያው በላይ ሊሞቅና ሲነካ ድንገት ሊገነፍል ይችላል። በሩን ሳይከፍቱ 5 ደቂቃ ይታገሡ፤ እንፋሎቱ የደረቀውን ያረጥበዋል፣ ከዚያ ጨርቅ ይበቃል። የሚሽከረከረውን ሳህንና ሥሩ ያለውን ቀለበት አውጥተው ይጠቡ። በጎን ግድግዳው ላይ ካርቶን የሚመስል ስስ ሽፋን ያያሉ፤ አይንቀሉት፣ በውሃም አያርሱት፣ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ይንኩት። ቅባት ከቆየበት ይቃጠላል፣ ብልጭታም ያወጣል። ከተበሳ ሳይለወጥ አይሠራበትም።

ጁስ መፍጫ ካለዎት ከተጠቀሙ በኋላ ለብ ያለ ውሃና አንድ ጠብታ ሳሙና አድርጎ 30 ሴኮንድ ማዞር ለዕለቱ ጥሩ ነው። በሳምንት አንዴ ግን ቢላውን ከሥሩ ፈትተው የላስቲክ ቀለበቱን ያውጡ፤ ሻጋታው የሚደበቀው እዚያ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ከወለሉ ያለውን ማጣሪያ አዙሮ አውጥቶ ማጠብ አለበት፤ ማሽኑ ያጠበው ዕቃ የሚሸተው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

የሚሸት ስፖንጅ የሚያጸዳ ሳይሆን የሚያዳርስ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነና ፍርፋሪ ስለሚይዝ ባክቴሪያ ይራባበታል። በየጊዜው ጨምቀው አየር በሚነካው ቦታ ያቁሙት፣ ሲንክ ውስጥ አይተዉት፣ በሁለት ሳምንት ይለውጡት፤ ከሸተተ ደግሞ ያን ጊዜ። ለዕቃ፣ ለጠረጴዛና ለወለል የየራሳቸው ጨርቅ ይኑራቸው፤ በቀለም ቢለዩ አይምታቱም። የእንጨት መክተፊያ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፣ ይሰነጠቃል። ታጥቦ ቆሞ ይድረቅ። የቢላ ጠባሳው ጠልቆ ብሩሽ ካልደረሰበት መለወጥ ይሻላል።

የሲንክ ሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሥሩ ካለው የታጠፈ ቱቦ ነው። እጥፋቱ ውሃ የሚይዘው የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ነው፤ ቅባት ሲጋገርበት ግን ራሱ ይሸታል። ባልዲ ከሥሩ አድርገው ሁለቱን የፕላስቲክ ቀለበቶች በእጅ ይፍቱ፣ ያጥቡት፣ ላስቲኩን ሳይጠፋ ይመልሱ። ውሃ ለቀው የሚንጠባጠብ መኖሩን ሳያዩ ባልዲውን አያንሡ። የጠበሱበትን ዘይት ወደ ሲንክ አይድፉ፤ ሲቀዘቅዝ በወረቀት ጠርገው ወደ ቆሻሻ ይጣሉት። የፈላ ውሃም በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ባይፈስ ጥሩ ነው፤ መገጣጠሚያውን ያላላል።

ስለ ጊዜው ካሰቡ የሳምንቱን ትልቅ ጽዳት መበተን ይቀላል። ምግብ እንዳለቀ ምድጃው ገና ለብ እያለ መጥረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያ ቅባት ነገ የሚፈልገው ግማሽ ሰዓት ነው። ገበያ ከመሄድዎ በፊት ባለው ቀን ፍሪጁ ባዶ ስለሚሆን መደርደሪያውንና ላስቲኩን ያን ጊዜ ይጥረጉ። ማፍያውንና የጭስ መሳቢያውን መረብ በወር፣ መውረጃ ቀዳዳውን በሦስት ወር ያድርጉ። ለዚህ ሳምንት ግን ሌላውን ሁሉ ትተው በፍሪጁ ጀርባ ይጀምሩ፤ ከሶኬት ይንቀሉ፣ ትሪውን ይዩ፣ ቀዳዳውን ያጥቡ። ሽታው በሁለት ቀን ውስጥ ካልቀነሰ የበሩን ላስቲክ ወረቀት ፈተናና የቴርሞሜትሩን ውጤት ይጻፉልኝ፤ ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው በእነሱ ነው።